በእጅ የሚሰፋና በስፌት ንድፍ የሚነከር የስጦታ ሸሚዝ አሠራር

በዚህ ሸሚዝ ላይ መርፌ ሁለት ዙር ይሠራል። በመጀመሪያው ዙር የሚገባው ክር ጨርቁን ሸብሽቦና አንቆ ቀለም እንዳይደርስበት ይከለክላል፤ ጨርቁ ከተነከረ በኋላ ተተርትሮ ይጣላል፣ ነጭ ዱካው ብቻ ይቀራል። በሁለተኛው ዙር የሚገባው ክር ደግሞ ደረቱን ከጀርባው፣ እጅጌውን ከትከሻው ያጋጥማል። የሁለቱ ቅደም ተከተል ከተምታታ ሥራው አያምርም። ብዙ ጀማሪዎች ተሰፍቶ ያለቀ ሸሚዝ ይዘው ማቅለም ይጀምራሉ። መርፌው መጋጠሚያዎቹ ላይ አራት እጥፍ ጨርቅ መብሳት ያቅተዋል፣ ሽብሽቡ እኩል አይጠብቅም፣ ኮሌታው ውስጥ የተቋጠረው ቀለም በደንብ አይታጠብም። ስለዚህ መንገዳችን ይህ ነው፦ ጨርቁን ማጠብ፣ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ፣ ንድፉን ሰፍቶ ማጥበቅ፣ መንከር፣ መተርተር፣ እንደገና ማጠብና መተኮስ፣ በልክ መቁረጥ፣ በመጨረሻም መስፋት።

ጨርቅን በክር አንቆ መንከር የአንድ አገር ጥበብ ብቻ አይደለም። በጃፓን ዛሬ የናጎያ ከተማ አካል የሆነችው አሪማትሱ ከ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በዚህ ሥራ ትታወቃለች። በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የዮሩባ ሴቶች «አዲሬ» የሚባለውን ጨርቅ በማሰር፣ በመስፋት ወይም ከካሳቫ የሚሠራ ሙጫ በመቀባት አዘጋጅተው ኢንዲጎ በሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ ይነክሩታል። በሕንድ ጉጃራትና ራጃስታን ደግሞ የ«ባንድሃኒ» ሠሪዎች ጨርቁን በጥፍር ቆንጥጠው እያነሱ ነጥብ በነጥብ ያስሩታል። ከእነዚህ ሁሉ ለጀማሪ የሚመቸው የስፌቱ ዘዴ ይመስለኛል፤ መስመሩን አስቀድማችሁ ጨርቁ ላይ ስለምትስሉት ምን እንደሚወጣ ከሞላ ጎደል ታውቃላችሁ። ከሞላ ጎደል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ክር ሲጠብቅ የሚፈጠረውን እጥፋት ሙሉ በሙሉ የሚያዝ ሰው የለም።

ስጦታው የተቆረጠ ቀን ካለው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሩ። ትልቁን ጊዜ የሚበላው ንድፉን መስፋትና ሸሚዙን በእጅ መግጠም ነው። ማቅለሙ ከዝግጅቱ ጋር አንድ ሁለት ቀን ቢወስድ ነው።

ልኩን በድብቅ መውሰድ

የሰውየውን ደረት በሜትር ከለካችሁ ስጦታው ተነቃ። የሚወደውንና አዘውትሮ የሚለብሰውን ሸሚዝ አግኝታችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ለኩ። አዘውትሮ የሚለብሰው ማለቴ ነው፤ በቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ የሚኖር ሸሚዝ ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው ልክ ስላልሆነ ነው። አምስት ልኬቶች ይበቃሉ። ሸሚዙ ተኝቶ ሳለ ከብብት እስከ ብብት ያለውን ስፋት፣ ከአንገት ሥር በትከሻ በኩል እስከ ታችኛው ጠርዝ ያለውን ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ ብብት ያለውን የእጅጌ መግቢያ ጥልቀት፣ የአንገቱን ዙሪያ፣ እንዲሁም ከጀርባ ከአንገት መሐል ተነስቶ በትከሻ አልፎ እስከ እጅጌው ጫፍ ያለውን ርዝመት። ለምሳሌ በቅደም ተከተላቸው 56፣ 74፣ 24፣ 40 እና 82 ሴንቲ ሜትር ናቸው እንበል፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በእነዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የምንሠራው ሸሚዝ በራስ የሚጠለቅ፣ ከደረት ላይ አጭር ስንጥቅ ያለው፣ ቀጥ ያለ አንገትጌ የሚገጠምለት ነው። ከላይ እስከ ታች ቁልፍ የሚደረደርበትን ዓይነት አልመርጥም። የቁልፍ ቀዳዳ በእጅ ማጥለፍ ከሸሚዝ ሥራ ሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ በዚያ ላይ የቁልፉ መደዳ የፊተኛውን ንድፍ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። የአካሉ ቁራጮች አራት ማዕዘን ስለሆኑ ውስብስብ ቅድ አያስፈልግም። በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ሸሚዞችም የሚቆረጡት እንዲህ በአራት ማዕዘን ነበር፤ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ብብት ሥር የሚገባ ትንሽ ካሬ ጨርቅ ነው፤ እኛም እሱን እንጠቀማለን።

ጨርቁና ክሩ

መቶ በመቶ ጥጥ ወይም ከተልባ ግንድ የሚሠራ የሊኖ ጨርቅ ምረጡ። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ እዚህ የምንጠቀምበትን ማቅለሚያ በወጉ አይቀበልም፤ የሚወጣው ቀለም የደበዘዘና ያረጀ የሚመስል ይሆናል። ሻጩ «ጥጥ ነው» ካለና ከተጠራጠራችሁ ጥቂት ክር መዝዛችሁ በብረት መቆንጠጫ ይዛችሁ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ጨርቁ ሳሳ ያለ መሆን አለበት፤ በካሬ ሜትር ከ110 እስከ 130 ግራም የሚመዝን ተስማሚ ነው። ከዚያ የወፈረ ጨርቅ ሲሸበሸብ እጥፋቱ ይላላል፣ ቀለምም ሾልኮ ይገባል። ስፋቱ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 2 ሜትር ለሸሚዙም ለሙከራውም ይበቃል፤ ክብደቱ ወደ 360 ግራም ገደማ ነው። ይህን ክብደት መዝግቡት፤ ማቅለሚያ የሚለካው በእሱ ነው።

ሁለት ዓይነት ክር ያስፈልጋል። ለንድፉ የማይበጠስ የፖሊስተር ወይም የናይለን ክር፣ ሲተረተር በቀላሉ እንዲታይ ቀይ ወይም ቢጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ነገር ግን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀለም እንደማይለቅ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ለመግጠሚያው ስፌት የጥጥ ክር ያዙ። ነጭ የጥጥ ክር ላላ አድርጋችሁ በጥቅል አስራችሁ ከጨርቁ ጋር አብራችሁ ንከሩት፤ ከሸሚዙ ጋር እንዲህ የሚስማማ ክር ገበያ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ማጠብና ሰፋ አድርጎ መቁረጥ

አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርችና ቅባት አለበት፤ ቀለም እዚያ ላይ አይዝም። በትልቅ ድስት ውስጥ ጨርቁን የሚሸፍን ውሃ አድርጉ፣ ትንሽ የልብስ ሳሙናና በአንድ ሊትር ውሃ ሂሳብ ከ2 እስከ 3 ግራም ሶዳ አሽ (የማጠቢያ ሶዳ) ጨምራችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል በቀስታ አፍሉት። ውሃው ቢጫ ከሆነ አትደነቁ። አለቅልቁና አድርቁት፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ጠብታው ወዲያው ከሰመ? ጨርቁ ዝግጁ ነው። እንደ ዕንቁ ተንከባልሎ ከቆመ ግን ድገሙት። በዚህ እጥበት ጥጥ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊያጥር ይችላል። ማጠሩ አሁን መሆኑ በጀ፤ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ስጦታው በተቀባዩ ላይ ያጥርበታል።

ከተተኮሰ በኋላ ቁረጡ፤ ግን በትክክለኛው ልክ አይደለም። ለፊትና ለኋላ ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ በአግድም 65፣ በቁመት 84 ሴንቲ ሜትር። ለእጅጌ ሁለት ቁራጭ፣ 57 በ63። ለአንገትጌ፣ ለስንጥቁ ልባጥና ለብብት ካሬዎች የሚሆን አንድ ወጥ ቁራጭ። ከተረፈው ላይ 20 በ20 የሆኑ ሁለት ሦስት መሞከሪያዎች። ድሩ በሸሚዙ ቁመት እንዲሄድ ተጠንቀቁ፤ የጨርቁ የፋብሪካ ጠርዝ ከድሩ ጋር ትይዩ ስለሆነ እሱን ተከተሉ። የተቆረጡትን ጠርዞች በላላ ስፌት ዘምዝሟቸው፣ አለዚያ በማቅለሙና በማጠቡ መካከል ይተረተራሉ። እያንዳንዱን ቁራጭ ከጥግ ላይ በክር ምልክት ለዩት፤ ሰማያዊ ከሆኑ በኋላ ፊትና ኋላ አይለዩም።

ንድፉን ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የሸሚዙ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው። ስጦታ ሠሪ የሚስተው ብዙውን ጊዜ አብዝቶ ነው። የሚያውቀውን ዘዴ ሁሉ በአንድ ሸሚዝ ላይ ይደረድርና ተቀባዩ በዓል ካልሆነ የማይለብሰው ልብስ ይሠራል። እኔ የምመክረው አንድ ሰፊ ንድፍ፣ ከጎኑ አንድ ጸጥ ያለ፣ የቀረው ወጥ ቀለም ነው። ለምሳሌ ጀርባው ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ የሚወርዱ ቅጠሎች፣ ፊቱ ላይ ታችኛው ጠርዝ አካባቢ ሁለት የነጠብጣብ መስመሮች፣ እጅጌው ባዶ። ክብ ንድፍ በደረት ግራና ቀኝ እኩል አታስቀምጡ፤ ለምን እንደሆነ ሸሚዙ ሲለበስ ይገባችኋል። ከጠርዝም ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ራቁ፤ እዚያ ያለው በልክ ሲቆረጥና በስፌት ውስጥ ሲገባ ይጠፋል።

መስመሩን በቀጭን እርሳስ ወይም በሚታጠብ የልብስ እስክሪብቶ ሳሉ። ሰም ያለው ጠመኔ አይሆንም፤ ሰም ራሱ ቀለም ከልካይ ነውና ያልፈለጋችሁት ነጭ መስመር ይተዋል።

ንድፉን መስፋት

ክሩን በመርፌ አልፋችሁ እጥፍ አድርጉት፤ ጫፉን ትልቅ አድርጋችሁ ቋጥሩ። ይህ ቋጠሮ ሲጎተት ጨርቁን ቀዶ እንዳያልፍ ሥሩ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ዶቃ አስገቡ። ስፌቱ ተራ ውስወሳ ነው፤ መርፌው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር እየዘለለ ይገባል፣ ይወጣል። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ ክር ይኑረው፤ መጨረሻው ላይ ሳትቋጥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር አንጠልጥሉ። አሁን አትጎትቱ። አንዱን መስመር ጎትታችሁ ካጠበቃችሁ ቀጣዩን መስፋት አትችሉም።

በዚህ ተራ ስፌት ብቻ ብዙ ነገር ይሠራል። መስመሮቹን በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትይዩ አድርጋችሁ ብትሰፉና ስታጠብቋቸው የእንጨት ጉማጅ ላይ የሚታየውን ዓይነት ሞገድ ይሰጣሉ። ዝላዮቹ እኩል እንዲሆኑ አትጨነቁ፤ ትንሽ ሲዛነፉ ሞገዱ ሕይወት ይኖረዋል። ቅጠል ለመሥራት በቅጠሉ አከርካሪ ላይ ጨርቁን ለሁለት እጠፉት፤ የግማሹን ቅጠል ቅስት ብቻ ሳሉና በሁለቱም ንብርብር በኩል ስፉ። ሲፈታ ሁለቱ ጎኖች እኩል የሆኑ ሙሉ ቅጠል ይወጣል። ክብ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ታጥፎ ግማሽ ክብ ይሰፋል። ለቀጭን የነጠብጣብ መስመር ደግሞ ጨርቁን በመስመሩ ላይ አጥፋችሁ ከእጥፋቱ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ፤ ውጤቱ ጥርስ በጥርስ የሆነ ጥንድ መስመር ነው። ቅጠሉ ወይም ክቡ ውስጡ ጭምር ነጭ እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ ክሩ ከጠበቀ በኋላ ብቅ ብሎ የሚቆመውን እንክብል ከሥሩ ጀምራችሁ በክር ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት።

ሁሉም መስመር ተሰፍቶ ሲያልቅ ጨርቁን በውሃ ርጩት። እርጥብ ጨርቅ ላይ ክር በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ይበልጥም ይጠብቃል። እያንዳንዱን ክር በዝግታ እየጎተታችሁ ሽብሽቡን ወደ ቋጠሮው ሰብስቡ። አንድ ጊዜ ብቻ ጎትታችሁ አትተዉት፤ ትንሽ አሳርፉና እንደገና ጎትቱ፣ ሁልጊዜ የሚገባ ነገር ይተርፋል። ከዚያ ሁለቱን የክር ጫፍ ለያይታችሁ ከሥሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቃችሁ ቋጥሩ። ጣት የሚቆርጥ ሥራ ስለሆነ አመልካች ጣታችሁን በፕላስተር ጠቅልሉ። በሽብሽቡ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቀለምም ይገባበታል።

ኢንዲጎውን ማዘጋጀት

ለስፌት ንድፍ ኢንዲጎን የሚያህል ማቅለሚያ አላውቅም። ኢንዲጎ እንዳለ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሌላ ነገር ሲወሰድና ውሃው ኖራማ ሲሆን ግን መልኩን ለውጦ ይሟሟል፣ ወደ ጨርቁ ይገባል፤ ጨርቁ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ተመልሶ የማይሟሟ ሰማያዊ ይሆንና እዚያው ይቀራል። ወደ እጥፋቱ ጥልቅ ቶሎ ስለማይዘልቅ የነጩ መስመር ጠርዝ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለብዙ ሺህ ዓመታት ከቅጠል ሲወጣ ኖሮ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ በፋብሪካ የተሠራውን ለገበያ አቅርቧል፤ ሞለኪውሉ አንድ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ሁለቱም ይሆናሉ።

20 ሊትር የሚይዝ ባለ ክዳን ባልዲ አዘጋጁ። የምግብ ዕቃ አትጠቀሙ፤ አንዴ ለቀለም የዋለ ዕቃ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም። መጠኑን ለማስታወስ ቀላል ነው፦ አንድ እጅ ኢንዲጎ፣ ሁለት እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ ፍሩክቶስ (የፍራፍሬ ስኳር)። ለ15 ሊትር ውሃ 75 ግራም የኢንዲጎ ዱቄት፣ 150 ግራም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 225 ግራም ፍሩክቶስ ማለት ነው። ኖራው ውሃ ሲነካው የሚፈላው ጥሬ ኖራ አይደለም። ፍሩክቶሱንም በሻይ ስኳር አትተኩት፤ ተራ ስኳር ኦክስጅን የመውሰድ ጠባይ የለውም። ዱቄቶቹን ስትመዝኑ ጓንት፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፤ ኖራ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል።

ኢንዲጎውን ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ ከሙቅ ውሃና ከጥቂት ለስላሳ ጠጠሮች ጋር አድርጋችሁ እብጠት እስኪጠፋ በደንብ ናጡት። በባልዲው ውስጥ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል የሞቀ ውሃ ጨምሩ፣ ፍሩክቶሱን አሟሙ፣ ኢንዲጎውን ጨምሩ፤ ኖራውን በመጨረሻ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሳችሁ አማስሉ። ማማሰሉ ክብ እየዞረ፣ በዝግታ፣ አየር ሳያስገባ ይሁን። ክዳኑን ግጠሙና አሳድሩት። ገና ሲጀምር ጥቁር ሰማያዊ የነበረው ውሃ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሥሩ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ ይሆናል፤ ከላይ የመዳብ መልክ ያለው ስስ ሽፋንና ሰማያዊ አረፋ ይሰበሰባል። ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ነክራችሁ አውጡ፤ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ወጥቶ ዓይናችሁ እያየ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ደርሷል። ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ገና ነው። ባልዲውን በሙቅ ውሃ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ ትንሽ ፍሩክቶስ ጨምሩ፣ ቆዩ። የውሃውን ኖራማነት የሚለካ የፒኤች ወረቀት ካላችሁና ንባቡ ከ10 በታች ከሆነ የጎደለው ኖራ ነው።

መንከር

መሞከሪያዋን ቁራጭ አስቀድማችሁ ንከሩ፤ እሷን ሳታዩ ሸሚዙን አትንኩ። የታሰሩትን ቁራጮች ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉና በእጅ ጨምቁ። ይህ የሚናቅ ደረጃ አይደለም። በእጥፋቱ ውስጥ የገባው ንጹሕ ውሃ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሊሳብ አይችልም። ደረቅ ጨርቅ ግን ቀለሙን ጠጥቶ ሽብሽቡ ውስጥ ድረስ ይወስደዋል።

የባልዲውን አረፋ በማንኪያ ገፋ አድርጋችሁ ጨርቁን በዝግታ፣ ከጎን በኩል አስገቡ። ዝቃጩ ላይ እንዳያርፍ ከወለሉ ከፍ ያለ መረብ አድርጉለት። ያልተሰፋውን ክፍል ውሃው ውስጥ እንዳለ በጓንት ጣት እየከፈታችሁ ቀለሙ እኩል እንዲደርሰው አድርጉ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ካቆያችሁ በኋላ በባልዲው ጠርዝ ላይ እየጨመቃችሁ አውጡ፤ ውሃው ከከፍታ ጠብ ጠብ ሲል አየር ያስገባና ባልዲውን ያደክመዋል። አሁን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ገመድ ላይ ሰቅላችሁ አየር ስጡት፤ የተጣበቁትን እጥፋቶች ዘርጋ ዘርጋ አድርጉ፤ አረንጓዴ የቀረበት ቦታ መኖር የለበትም። እንደገና ንከሩ።

ጠለቅ ያለ ሰማያዊ የሚገኘው ረጅም ጊዜ በመዘፍዘፍ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በመንከር ነው። ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይበቃል። እርጥብ ጨርቅ ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ በቃኝ ካላችሁበት አንድ ጊዜ ጨምሩ። ሁሉም ቁራጮች፣ የአንገትጌው ቁራጭ ሳይቀር፣ እኩል ጊዜ መነከር አለባቸው፤ ከወረቀት ላይ እየቆጠራችሁ ምልክት አድርጉ። ባልዲው ከደከመና ቀለሙ ከሳሳ አሙቃችሁት አሳድሩት እንጂ የቀሩትን ቁራጮች በደከመ ባልዲ አትጨርሱ።

ኢንዲጎ ካላገኛችሁ ወይም ቀይና ቢጫ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረቡት፣ ከጥጥ ጋር በኬሚካል የሚጣመሩ ሪአክቲቭ ማቅለሚያዎች አሉላችሁ። ለ360 ግራም ጨርቅ 7 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 400 ግራም ጨው፣ ከ10 እስከ 14 ግራም ማቅለሚያ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጨርቁን አውጥታችሁ በሙቅ ውሃ የተሟሟ 100 ግራም ሶዳ አሽ ጨምሩ፣ ጨርቁን መልሱና ለአንድ ሰዓት እያገላበጣችሁ አቆዩት። ቀለሙ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ከኢንዲጎ ይልቅ ወደ እጥፋቱ ይሾልካል፣ መስመሩም ይለሰልሳል። ስለዚህ ክሩን እጅግ አጥብቁ። ዱቄቱን ወደ ውስጥ አትሳቡ፤ ሳንባን የሚያስቆጣ ነው።

መተርተር

ክሩን ሳትነኩ ቁራጮቹን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና እስኪደርቁ ጠብቁ። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ሰው ሁሉ ውጤቱን ለማየት ይቸኩላል። በእርጥቡ የተፈታ ጨርቅ ከእጥፋቱ ውስጥ የቀረውን ቀለም ወደ ነጩ ያፈሰዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ መቀሱ ነው፤ ቀይ ወይም ቢጫ ክር እንኳ ሰማያዊ ከነካው ቋጠሮው ከእጥፋቱ በቀላሉ አይለይምና ጨርቁን መቁረጥ ቀላል ነው። ሽብሽቡን በሁለት እጅ ወደ ጎንና ጎን ሳብ ሳብ አድርጉት፤ ቋጠሮው ከፍ ብሎ ይታያል። በጥሩ ብርሃን፣ በትንሽ መቀስ ጫፍ ክሩን ብቻ ቁረጡና ከሌላው ጫፍ ምዘዙት።

የተፈቱትን ቁራጮች ለአንድ ሌሊት አየር ላይ አሳድሯቸው። በማግስቱ በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ግማሽ ስኒ ኮምጣጤ ጨምራችሁ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ ኖራውን ያረክሰዋል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡ። ኢንዲጎ በመጀመሪያ ላይ ያልያዘ ትርፍ ቀለም አለው፤ አሁን ካልወጣ በተቀባዩ አንገት ላይ ይወጣል።

በልክ መቁረጥና መስፋት

ስትተኩሱ የመርፌ ቀዳዳዎቹ በእንፋሎት ይደፈናሉ። አሁን በልክ ቁረጡ። አካሉ ሁለቱም 59 በ77 ነው፤ በጎን በኩል 1 ሴንቲ ተኩል ለስፌት፣ ከታች 2 ሴንቲ ለቅምቅማት ታስቦ። ትከሻውን ከአንገት ወደ ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት፣ ትከሻ ጠፍጣፋ አይደለምና። የአንገቱ ቀዳዳ 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት፣ ከፊት 8፣ ከኋላ 2 ጥልቀት ሲኖረው ወደ 40 ዙሪያ ይመጣል። በመጀመሪያ ከዚህ አጥብባችሁ ቁረጡ፤ የጠበበ አንገት ይሰፋል፣ የሰፋ ግን አይጠብም። እጅጌው ከላይ በኩል የመግቢያው ጥልቀት እጥፍ፣ ማለትም 48፣ ሲደመር 3 ለስፌት፣ 51 ይሆናል። ርዝመቱን ስታሰሉ ተጠንቀቁ፦ አካሉ ሰፊ ስለሆነ ትከሻው ወደ ክንድ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከ82 ላይ የአካሉን ግማሽ ስፋት 28 ቀንሱ፣ 54 ይቀራል፤ በእሱ ላይ 4 ለስፌትና ለቅምቅማት ጨምሩ። ወደ እጁ ጫፍ እየጠበበ 30 ላይ ይድረስ።

መርፌው ውስጥ ከ50 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ክር አታስገቡ፤ ይወሳሰባል፣ ይሳሳል። ክሩን ንጹሕ ሰም ላይ ብታንሸራትቱት ይጠነክራል። ለመጋጠሚያ ስፌት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ ዝላዮች ሰፍታችሁ በየሦስት አራቱ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ቀጥሉ፤ ይህ ተራ ውስወሳ የማይሰጠውን ጥንካሬ ይሰጣል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የደረቱ ስንጥቅ፦ 10 በ30 የሆነ ልባጥ በሸሚዙ ውጪ፣ መልኩ ወደ መልኩ ሆኖ ይቀመጣል። ከአንገት መሐል 25 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ መስመር ሳሉ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ 4 ሚሊ ሜትር ርቃችሁ ስፉ፣ ታች ላይ ሹል አድርጋችሁ ግጠሙት። በመስመሩ ላይ እስከ ሹሉ ሰንጥቁ፣ ልባጡን ወደ ውስጥ ገልብጡ፣ ተኩሱ፣ ዙሪያውን ቀምቅሙ። ቀጥሎ ትከሻዎቹን ግጠሙ። ከዚያ አንገትጌ፦ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከአንገቱ ዙሪያ 2 የሚረዝም ቁራጭ በቁመቱ አጥፋችሁ አንዱን ጠርዝ ከውጪ ስፉ፣ ሁለቱን ጫፎች ዝጉ፣ ሌላውን ጠርዝ በውስጥ በኩል በማይታይ ስፌት ያዙት። እጅጌዎቹን ሸሚዙ ገና ጎኑ ሳይዘጋ፣ ተዘርግቶ ሳለ አካሉ ላይ ግጠሙ፤ የብብቱ ጫፍ ላይ ብቻ ለካሬው የሚሆን ቦታ ክፍት ተዉ። 12 በ12 የሆነውን ካሬ እዚያ አስገቡ፤ አንዱ ጥግ ወደ እጅጌው፣ ተቃራኒው ወደ ጎኑ ይሂድ። በመጨረሻ ከእጅጌው ጫፍ እስከ ታችኛው ጠርዝ ጎኑን ዝጉ።

የጎኑን ስፌት ድርብ አድርጉት። በመጀመሪያ ጨርቁ ጀርባው ከጀርባው ተጋጥሞ በ5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ትርፉ ወደ 3 ይከረከማል፤ ተገልብጦ ይተኮሳል፤ ከዚያ በ7 ሚሊ ሜትር በድጋሚ ይሰፋል። ጥሬ ጠርዝ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚቀር ቆዳ አይፈትግም፣ አይተረተርምም። ጠርዞቹን ሁለቴ አጥፋችሁ ቀምቅሙ። አንገትጌው ላይ አንድ የእንጨት ወይም የቀንድ ቁልፍ በቂ ነው፤ በተቃራኒው ጫፍ አራት ዙር ክር ቀለበት ሠርታችሁ በጥልፍ ክር ዙሪያውን ሸፍኑት።

ከመስጠታችሁ በፊት

የተጠናቀቀውን ሸሚዝ አንድ ጊዜ አጥባችሁ አድርቁና በደረቅ ነጭ ጨርቅ አንገቱንና ብብቱን አጥብቃችሁ ፈትጉ። ጥቂት ሰማያዊ ከነካው ያለ ነው፤ ነጩ ጨርቅ በግልጽ ከሰማየ ግን እንደገና በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ከስጦታው ጋር ትርፍ ቁልፍ፣ አብሮ የተነከረውን ክርና አንዲት ወረቀት አስቀምጡ። ወረቀቷ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ለብቻው ይታጠብ፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ ያለ በረኪና፤ ተገልብጦ በጥላ ይሰጣ፤ ነጭ ሶፋ ላይ ለመቀመጥ ግን ሁለት ሦስት እጥበት ይጠበቅ።